“ዕጢ” የምትል ቃል ሃያ ሁለት ቀን አሰቃየችኝ

የሰው ምስጢር ሳነብ ኖሬ ዛሬ ተራው ለእኔ ደረሰና የራሴን ይዤ ብቅ ብያለሁ። የማወራችሁ ስለ ማህፀን በር ነው። “ደግሞ ይሄ በጋዜጣ ይወራል?” የምትሉ ካላችሁ እዚሁ ላይ ገጹን ግለጡት፤ አልቀየማችሁም። እህት፣ እጮኛ፣ ሚስት፣ እናት ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡልኝ። ለምን “እስከ መጨረሻው መስመር” እንዳልኩ ኋላ ይገባችኋል።

ጊዜው 2014 ዓ.ም. ነው። የ31 ዓመት ልጅ ነበርኩ። በአንድ የግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። እጮኛ አለኝ፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ? እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ልጆች እኛም ሠርጉን አልጠበቅንም። እርግዝና እንዳይመጣ ለሁለት ዓመት ያህል የመከላከያ እንክብል እወስድ ነበር።

የጥምቀት ሰሞን አንድ ምሽት ከግንኙነት በኋላ ደም አየሁ። ጠብታ ነገር ነው። “ወር አበባዬ ቀድሞ ይሆናል” ብዬ አለፍኩት። በሳምንቱ ተደገመ። በሦስተኛው እጮኛዬም አየና “ጎዳሁሽ እንዴ?” ብሎ ደነገጠ። አልጎዳኝም፤ ቅንጣት አላመመኝም። ክፋቱም እሱ ነው። ጥርስ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ሐኪም ቤት ነበርኩ። የማያም ነገር ግን “ነገ፣ ከነገ ወዲያ” ያሰኛል።

ለቅርብ ጓደኛዬ ነገርኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? “አንቺ ልጅ! ይሄ እኮ የወንድ ብዛት የሚያመጣው ነው ይባላል። አንቺ ካልሆንሽ እሱ ነው። ጠይቂው!” ጓደኛዬ ክፉ ሰው አይደለችም፤ የሰማችውን ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ያቺን ንግግር እንደ እሾህ ይዣት ዞርኩ።

በየካቲት መጨረሻ ሰፈራችን ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ያየችኝ ባለሙያ መብራቱን አስጠግታ ትንሽ ተመለከተችና “ማህፀንሽ በር ላይ ቁስል አለ። ዕጢም አለው። ትልቅ ሆስፒታል ሂጂና ናሙና ይወሰድልሽ” ብላ ጓንቷን አወለቀች። በቃ። ከኋላዬ ወረፋ ነበረና ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ እኔም አፌ ተሳስሮ አልጠየቅኋትም።

ዕጢ! እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። በእኛ ሰፈር ይሄ ቃል የሚነሳው መቼ ነው? “እገሌ ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ተገኘበት”፣ “እገሊት ሆዷ ውስጥ ዕጢ አለ” ይባላል፤ ከዚያ ቀጥሎ የምንሰማው ድንኳን ሲተከል ነው። ቁስል ሲደመር ዕጢ፣ ሲደመር ናሙና... የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ደመርኩት። ድምሩ አንድ ነገር ሆነ፦ ነቀርሳ።

የእቴቴ ደረሰኝ

የደነገጥኩት በከንቱ አልነበረም። እቴቴ እያልን የምንጠራት የእናቴ ታናሽ እህት፣ እኔን በእጇ ያሳደገችኝ፣ የሞተችው በማህፀን በር ካንሰር ነው።

እቴቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። 44 ዓመቷ ላይ ከወር አበባዋ ውጪ ደም ይታያት ጀመር። ክሊኒክ ሄደች፤ “ቁስል ነው፤ ይድናል” ተባለች። በብልት የሚቀመጥ መድኃኒት ተሰጣት። ጨረሰች፤ ሌላ ተሰጣት። ይሄ ሁሉ ሲሆን የማህፀኗን በር በመሣሪያ ከፍቶ በቅጡ ያየላት አንድ ሰው አልነበረም። በስንት ጉትጎታ እማዬ ሆስፒታል ወሰደቻት፤ ናሙና ተወሰደ፤ “ውጤቱን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነይና ውሰጂ” ተባለች።

አልሄደችም። ደሙ ትንሽ ጋብ ብሎላት ነበር። ደግሞ የጥር ሠርግ ደርሶ ቤቱ በሚሰፋ ቀሚስ ተሞልቷል። እማዬ ስትጠይቃት “ወስጃለሁ፤ ምንም የለም” አለች። ፈርታ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። ከወራት በኋላ ወገቧን ይዛ ስትወድቅ በሽታው ከማህፀን በር አልፎ ሄዶ ነበር። በሰኔ 2004 ዓ.ም. አረፈች።

ከአርባዋ በኋላ የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ስናጸዳ፣ በክርና በቁልፍ መሀል በአራት የታጠፈች ወረቀት አገኘን። የላቦራቶሪ ደረሰኝ ናት። ውጤቱ የሚወሰድበት ቀን በእስክሪብቶ ተጽፎባታል። ውጤቱ እዚያ፣ ደረሰኙ እዚህ፣ ሁለቱ ሳይገናኙ ሰው አለቀ ማለት ነው። እማዬ ያቺን ወረቀት ደረቷ ላይ አድርጋ “ዋሸሽኝ! ዋሸሽኝ!” እያለች ያለቀሰችው ለቅሶ ከቀብሯ ቀንም ይብስ ነበር።

ሃያ ሁለት ቀን

ወደ ራሴ ልመለስ። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ሆስፒታል ሄድኩ። የተቀበሉኝ ጠና ያሉ ሴት ሐኪም ናቸው። ሲመረምሩኝ “ትንሽ ነገር ተንጠልጥላለች፤ አሁኑኑ አነሳታለሁ” አሉ፤ እውነትም ብዙ አልፈጀባቸውም። ቆንጠጥ ያደረገኝ መሰለኝ እንጂ ሕመም አልነበረውም። ያወጧትን ነገር ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ከትተው ለፓቶሎጂ ምርመራ ላኳት። ለኤችፒቪ ምርመራም ሌላ ናሙና ወሰዱ። ኤችፒቪ ማለት የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ ነው።

“ብዙውን ጊዜ ክፉ አይሆንም። ውጤቱ በአሥር ቀን ይደርሳል፤ ይዘሽ ነይ” አሉኝ። “ክፉ አይሆንም” ያሉትን አልሰማሁትም። የሰማሁት “ውጤቱ” የሚለውን ብቻ ነው። ደረሰኟን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

አሥር ቀን አለፈ፤ አልሄድኩም። አሥራ አምስት ሆነ፤ አልሄድኩም። ቀን ቀን ሥራ ላይ ቁጥር ይጠፋብኛል፤ ሌሊት ሌሊት ስልኬን ከፍቼ ስለ ነቀርሳ አነባለሁ፤ ባነበብኩ ቁጥር ይብስብኛል። ፀበልም ሄድኩ። በእምነቴ አላፍርም፤ ግን እውነቱን ልናገርና ያን ጊዜ የሄድኩት ለመዳን ብቻ ሳይሆን ከላቦራቶሪው ለመሸሽም ነበር።

የጓደኛዬ እሾህ ደግሞ መጠዝጠዝ ጀመረ። አንድ ማታ እጮኛዬን “ከእኔ በፊት ስንት ሴት ነበረችህ?” አልኩት። ሳቀ። ስደግመው አልሳቀም። “ምን ተፈጥሮ ነው?” አለኝ። “ምንም! ጥያቄ ነው!” ቃል ቃልን እየወለደ ሄደና “እንግዲያው ሠርጉ ይቆይ!” አልኩት። አዳራሽ ተከፍሎ፣ ካርድ ታትሞ! ልጁ አንድ ቃል ሳይመልስ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ሦስት ቀን አልደወለም፤ እኔም አልደወልኩም። “ስሞት ይቆጨዋል” እያልኩ አለቅሳለሁ። ለምን እንደተጣላሁት እንኳ አያውቅም እኮ!

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” እያለች ያሳደገችኝ ያቺው እቴቴ ነበረች። ተረቱን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ሁለታችንም ግን ደበቅን።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ታክሲ ውስጥ ነኝ። ረዳቱ “ሂሳብ!” አለኝ። ቦርሳዬን ስከፍት ከብሮቹ መሀል በአራት የታጠፈች ወረቀት ብቅ አለች። እጄ ደነዘዘ። የእቴቴ መሳቢያ ታየኝ። እማዬ ይቺን ወረቀት ከቦርሳዬ ውስጥ ስታገኝ፣ ደረቷ ላይ አድርጋ ለሁለተኛ ጊዜ “ዋሸሽኝ!” ስትል ታየችኝ። “ወራጅ አለ!” ብዬ ጮህኩ።

የመጨረሻው መስመር

በላቦራቶሪው መስኮት ወረቀቱን ሰጡኝ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ደረጃው ላይ ቆሜ ገለጥኩት። ዓይኔ ያረፈው “ማይክሮግላንዱላር ሃይፐርፕላዥያ” የሚሉ ሁለት ቃላት ላይ ነው። ግላንድ ዕጢ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሃይፐር ደግሞ መብዛት ነው። ዕጢ በዝቶብኛል! እግሬ ከዳኝና እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ተነፋረቅሁ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እናት መወልወያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መጡና “አይዞሽ የኔ ልጅ፤ ለሐኪምሽ አሳየሽው?” አሉኝ። አላሳየሁም። እጄን ይዘው እስከ ሐኪሟ በር ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው፤ ፈጣሪ ዕድሜ ይስጣቸው።

ሐኪሟ ወረቀቱን አዩና መነጽራቸውን አወለቁ። “እስከ የት ነው ያነበብሽው?” አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው። “በይ ወደ ታች ውረጂና የመጨረሻውን መስመር አንብቢልኝ።”

አነበብኩ፦ “ኔጋቲቭ ፎር ማሊግናንሲ።”

“ነቀርሳ የለም ማለት ነው። የኤችፒቪ ውጤትሽም ኔጋቲቭ ነው። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲጠብቅሽ ነበር” አሉኝ። አሁን ደግሞ በደስታ ማልቀስ ጀመርኩ። አልተቆጡኝም። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ።

“የጃኬት ገበር ታውቂያለሽ?”

“ዶክተር፣ እኔ እኮ ዕጢ ነው የተባልኩት” አልኳቸው።

“ልጄ፣ የጎዳሽ ቋንቋችን ነው። በአማርኛ ዕጢ ብለን ሁለት ነገር እንጠራለን። አንደኛው ጤነኛ የሰውነት ክፍል ነው፤ ምራቅ የሚያመነጨውም፣ ላብ የሚያወጣውም፣ አንገትሽ ላይ ያለው ታይሮይድም ዕጢ ነው። የማህፀን በርም የራሱ ዕጢዎች አሉት፤ ያንን ዝልግልግ ፈሳሽ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ ያለ ቦታው የበቀለ እብጠት ነው፤ እሱም ቢሆን ክፉም ደግም አለው። አንቺ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከተሽ አለቀስሽ።”

ከዚያ “የጃኬት ገበር ታውቂያለሽ?” ብለው ጠየቁኝ። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ እንዴት አላውቅም!

“የማህፀን በር ውጪው እንደ ጃኬቱ ጨርቅ ጠንከር ያለ ነው፤ እንደ ጉንጭሽ ውስጥ በብዙ ድርብ ህዋሳት የተሸፈነ። ወደ ማህፀን የሚያስገባው ቦይ ግን ገበር ነው፤ በአንድ ረድፍ የዕጢ ህዋሳት ብቻ የተለበጠ፣ ስስ። በጉርምስና፣ በእርግዝና፣ እንደ አንቺ እንክብል በሚወሰድበትም ጊዜ በሆርሞን ምክንያት ገበሩ ወደ ውጪ ይገለበጣል። ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው የደም ሥር ያሳያል፤ ቀይ ይመስላል፤ ሲነካም ይደማል። ‘ቁስል’ የሚሉት ይሄን ነው። ቁስል አይደለም። እኛ ኤክትሮፒዮን እንለዋለን። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ካላስቸገረ ሕክምናም አያስፈልገውም።”

ተንጠልጥላ የነበረችው ደግሞ ፖሊፕ ትባላለች። ከዚያው ገበር በቅላ እንደ ጉትቻ የምትንጠለጠል ለስላሳ ሥጋ ናት። ነቀርሳ ሆኖ የሚገኘው ፖሊፕ ከመቶ አንድ እንኳን አይሞላም። “ታዲያ ለምን ላቦራቶሪ ተላከች?” ብዬ ጠየቅኋቸው። “ዓይን ይሳሳታላ! ያቺ ከመቶ አንድ የማትሞላዋ አንቺ ብትሆኚስ? ያወጣነውን ሁሉ የምንልከው ለዚህ ነው።”

ያ ያስለቀሰኝ ማይክሮግላንዱላር ሃይፐርፕላዥያስ? ትርጉሙ ፖሊፗ ውስጥ ትንንሽ ዕጢዎች ተጠጋግተው በዝተዋል ማለት ብቻ ነው። እንክብል በሚወስዱና ነፍሰ ጡር በሆኑ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታይ ነገር ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንዳንዴ ነቀርሳ መስሎ ባለሙያውን ያደናግራል እንጂ ነቀርሳ አይደለም።

ሌላም ነገር አሳዩኝ። ግድግዳቸው ላይ ባለው ሥዕል የማህፀን በር ላይ ጤፍ ጤፍ የሚያካክሉ፣ አንዳንዴም አተር የሚያህሉ ነጫጭ ከረጢቶች አሉ። የዕጢዋ አፍ ሲዘጋ ፈሳሹ ውስጥ ታቁሮ የሚፈጠሩ ናቸው። ናቦትያን ሲስት ይባላሉ። በኋላ እንዳነበብኩት ስማቸው የመጣው ማርቲን ናቦት ከሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ ሰውየው በ1707 እ.ኤ.አ. ስለነሱ ሲጽፍ የሴት እንቁላል መስለውት ነበር። እንግዲህ ሐኪሙ ናቦት እንዲህ ከተሳሳተ የሂሳብ ሠራተኛዋ ብሳሳት ምን ይገርማል? እነዚህም ምንም አያደርጉም፤ አብዛኛውን ጊዜ ባሉበት ይተዋሉ።

ሦስት መደርደሪያ

“እንግዲህ ጨርሻለሁ ማለት ነው? ሁለተኛ መምጣት የለብኝም?” አልኳቸው እየተነሳሁ። እጄን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝ።

“አየሽ፣ ሰው ከሁለት አንዱን ነው የሚያደርገው። ወይ ‘ነቀርሳ ነው’ ብሎ ሳይሞት ይሞታል፤ ወይ ‘ምንም አይደለም’ ሲባል ተመልሶ አይመጣም። ሁለቱም ልክ አይደለም” አሉኝ። ሳያውቁ የእኔንና የእቴቴን ታሪክ በሁለት አረፍተ ነገር ጨረሱት።

ከዚያ ነገሩን በሦስት መደርደሪያ አስቀመጡልኝ። እኔም እንደነገሩኝ ላስቀምጥላችሁ።

የመጀመሪያው መደርደሪያ የንጹሐን ነው። የተገለበጠ ገበር፣ የናቦት ከረጢት፣ ተመርምሮ ደህና የተባለ ፖሊፕ፣ የእኔ ዓይነት የትንንሽ ዕጢዎች መብዛት። እነዚህ ወደ ነቀርሳ የሚወስዱ መንገዶች አይደሉም። ለእነሱ ተብሎ ልዩ ክትትል አያስፈልግም። ነገር ግን እነሱ አሉ ተብሎ እንደማንኛዋም ሴት የሚደረገው መደበኛ ምርመራ አይቀርም። ለምን ቢባል፣ ገበሩ ከጨርቁ የሚገጥምበት ድንበር ብዙውን የማህፀን በር ካንሰር የሚያስነሳው ቦታ ነው። “ገበሩ ንጹሕ ነው” ማለት “ድንበሩ ተጠብቋል” ማለት አይደለም።

ሁለተኛው መደርደሪያ በዓይነ ቁራኛ የሚጠበቅ ነው። ሎቡላር የሚባል የዕጢ መብዛት አለ። ከእኔው ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ይገኛል። ከቦዩ የላይኛው ክፍል ይነሳና ብዙ ጊዜ እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ያበዛል። ራሱ ነቀርሳ አይደለም። ግን ህዋሳቱ የጨጓራን ህዋሳት ስለሚመስሉ፣ ከአንድ አስቸጋሪ የነቀርሳ ዓይነት ጋር ዝምድና እንዳለው ታውቋል። ስለዚህ በህዋስ ምርመራና በኤምአርአይ ይከታተሉታል፤ ከጠረጠሩም ቆርጠው ያወጡታል። ልብ በሉ! ያ የነቀርሳ ዓይነት በኤችፒቪ የሚመጣ አይደለምና የኤችፒቪ ምርመራ አይዘውም። ውጤትሽ ኔጋቲቭ ሆኖ ውሃ መሰል ፈሳሽ ወይም ደም ካላቆመ “ኔጋቲቭ ነኝ” ብለሽ ቤትሽ አትቀመጪ።

ሦስተኛው መደርደሪያ ቀጠሮ የማይሰጠው ነው። “ያልተለመዱ የዕጢ ህዋሳት” የሚል ውጤት ከመጣ በመሣሪያ አጉልቶ ማየት፣ ከቦዩ ውስጥም ናሙና መውሰድ ግድ ይላል። ከዚያ አልፎ ገበሩ ላይ ብቻ ያለ፣ ወደ ውስጥ ያልገባ ነቀርሳ ከሆነ በዚያ ደረጃ ተቆርጦ ይወጣል፤ ሴትየዋም ትድናለች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው። ሥር ሰድዶ ሲገባ አዴኖካርሲኖማ ይባላል።

የዚህን የመጨረሻውን ነገር ሳነብ የአንዲት ሴት ታሪክ ከልቤ አልወጣ አለ። ሄንሪዬታ ላክስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት በ1951 እ.ኤ.አ. በማህፀን በር ካንሰር ሞተች። ዕድሜዋ ልክ እንደ እኔ 31 ነበር። ሳትጠየቅ ከዕጢዋ የተወሰዱት ህዋሳት እስከ ዛሬ በዓለም ላቦራቶሪዎች እየተራቡ ለስንት መድኃኒትና ክትባት መገኘት አገልግለዋል። ሐኪሞቹ መጀመሪያ የነቀርሳዋን ዓይነት ሌላ ብለው ጽፈውት ነበር። ከዓመታት በኋላ ናሙናዋ እንደገና ሲታይ ከዕጢ ህዋሳት የተነሳው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ናሙናን በማይክሮስኮፕ መመርመር ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሆነ እዩልኝ። እኛ ግን ከክሊኒክ ደጅ አንዲት ቃል ይዘን በራሳችን ላይ እንፈርዳለን።

“ማን አመጣው?”

የጓደኛዬንም ነገር አልደበቅኋቸውም። እያፈርኩ “እጮኛዬን ጠርጥሬው ነበር” አልኳቸው። ሐኪሟ ረጅም ሳቅ ሳቁ። ፖሊፕም ሆነ የተገለበጠ ገበር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ማንም ለማንም አያመጣውም።

በግንኙነት የሚተላለፈው ኤችፒቪ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ማለት ይቻላል ሁሉ የሚነሳው ከሱ ነው፤ ይህን ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ከካንሰሩ 70 በመቶ ያህሉን የሚያመጡት 16 እና 18 የሚባሉት ዓይነቶች ናቸው። ግን ኤችፒቪ እጅግ የተለመደ ነው፤ ግንኙነት የጀመረ አብዛኛው ሰው በሆነ ጊዜ ያገኘዋል፤ አብዛኛውም በሁለት ዓመት ገደማ በራሱ ይጠፋለታል። ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊቀመጥም ይችላል። ስለዚህ ውጤትሽ ፖዚቲቭ ቢሆን እንኳ “ማን አመጣው?” ተብሎ ትዳር የሚፈርስበት፣ ቀለበት የሚወረወርበት ነገር አይደለም። ዋናው ጥያቄ “አሁን ምን እናድርግ?” ነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ እጮኛዬ ቤት ሄድኩ። በሩን ሲከፍት ምንም ሳልናገር ወረቀቱን ሰጠሁት። እሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ “ሃያ ሁለት ቀን ብቻሽን? ታዲያ እኔ የምን እጮኛ ነኝ?” አለና ፊቱን አዞረ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ውድ አንባቢዎች፣ ከነቀርሳው ፍርሃት ይልቅ ያቺ ንግግር ዛሬም ታሳፍረኛለች። ሠርጉ በቀኑ ሆነ። እቴቴ ብትኖር ቀሚሴን የምትሰፋው እሷ ነበረች።

ከዚያስ?

ሐኪሟ “ከስድስት ወር በኋላ ነይና ልይሽ፤ ኤችፒቪውን ከአምስት ዓመት በኋላ እንደግመዋለን፤ በመሀል ደም ካየሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ” ብለውኝ ነበር። መስከረም 2015 ዓ.ም. ሄድኩ፤ ንጹሕ ነው አሉኝ። በ2016 ዓ.ም. እንደገና ጠብታ አየሁ። ፖሊፕ አንዳንዴ ይመለሳል። በዚያው ሳምንት ሄድኩ፤ ባለቤቴ አብሮኝ ነበር፤ ትንሽዬ ነበረች፤ ተነሳች። ውጤቱን የወሰድኩት በተባለው ቀን፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። ደህና! እማዬንም ይዣት ሄጄ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አስመርምሬያታለሁ። ስንወጣ “እህቴን ምነው እንዲህ ጎትቼ በወሰድኳት” አለችኝ።

እንግዲህ እንደ እህት ልምከራችሁ። የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው ነው። ከግንኙነት በኋላ፣ በሁለት ወር አበባ መሀል፣ ወይም ወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ካያችሁ፣ የሚሸት ወይም እንደ ውሃ የሚወርድ ፈሳሽ ካስቸገራችሁ ሄዳችሁ ታዩ። ሳያዩ መድኃኒት የሚሰጥ ካጋጠማችሁ “እባክዎ መጀመሪያ ይዩኝ” በሉ። ምንም ሕመም ባይኖራችሁም 30 ዓመት ሲሞላችሁ መመርመር ጀምሩ፤ ኤችአይቪ በደሟ ያለ ደግሞ ከ25 ዓመቷ ጀምሮ ቶሎ ቶሎ መታየት አለባት።

በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሚሰጠው ምርመራ ቀላል ነው። ከአቼቶ ውስጥ ያለውን አሲድ ቀጠን አድርገው የማህፀን በር ላይ ይቀቡና ነጭ ሆኖ የሚወጣ ቦታ ካለ ያያሉ። ጥሩ ምርመራ ነው፤ ብዙ ሴት አትርፏል። ግን የሚያየው ውጪውን ነው፤ ቦዩ ውስጥ የተደበቀውን ገበር አይደርስበትም። ስለዚህ “ደህና ነሽ” ተብላችሁ ደሙ ከቀጠለ ተመለሱ፤ የኤችፒቪ ወይም የህዋስ ምርመራ ጠይቁ። በቤታችሁ ሴት ልጅ ካለች ደግሞ የኤችፒቪ ክትባት አያምልጣት፤ በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ሁለት ነገር አደራ። “ዕጢ ነው” ስትባሉ ከወንበራችሁ ሳትነሱ “የትኛው ዕጢ?” ብላችሁ ጠይቁ። የሰጣችሁት ናሙና ካለም ውጤቱን በቀኑ ውሰዱ፤ ከሐኪማችሁ ጋር ሆናችሁ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት።

አሁን ይቺን ጋዜጣ አስቀምጡና ቦርሳችሁን ክፈቱ። የታጠፈች ደረሰኝ አለች?

እህታችሁ ነኝ
ከአዲስ አበባ